የሌሊቱ ጥበቃ በምሽት ይሰናዳል



በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የንጉሥ ሰሎሞንን ፍርድ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ሁለት ሴቶች በአንድ ሕፃን ተካሰው ቀረቡ፤ ንጉሡ ሰይፍ አምጡልኝ አለ፤ እውነተኛዋ እናት በርኅራኄዋ ተለየች። ታሪኩን በተረክን ቁጥር የምናደንቀው የንጉሡን ጥበብ ነው፤ ለክሱ መነሻ የሆነውን ሞት ግን ሳናስተውለው እናልፋለን። አንደኛው ሕፃን የሞተው በሌሊት፣ እናቱ በእንቅልፍ ልቧ ተኝታበት ነው። ያቺ ሴት ሁልጊዜ በክፉ ትነሣለች። ነገር ግን ልጇን የማትወድ ብትሆን ኖሮ ሐዘኑ ልቧን አስቶ የባልንጀራዋን ልጅ እስከ መውሰድ ባላደረሳት ነበር። በዚያች ሌሊት የጎደለው ፍቅር አልነበረም። የጎደለው እናትና ልጅ ሳይተኙ በፊት ሊደረግ ይገባ የነበረ ነገር ነው።

የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህች አንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ሕፃን ሲተኛ የሚጠብቀው የወላጆቹ ንቃት ሳይሆን ወላጆቹ ከመተኛታቸው በፊት ያሰናዱለት መኝታ ነው። እናት ቀን በዓይኗ፣ ሌሊት በጆሮዋ ትጠብቃለች ብለን ስለምናምን፣ ልጅ በእንቅልፉ ሲሞት «እንዴት አልሰማችም?» ብለን እንጠይቃለን። ጥያቄው ግን ከመነሻው የተሳሳተ ነው። በሕፃን እንቅልፍ ላይ የሚደርሰው አደጋ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ የለውም። ልጁ አያለቅስም፣ አይንፈራገጥም። ወላጆቹ ደግሞ ሰዎች ናቸው፤ የሰውን ልጅ እንቅልፍ ያሸንፈዋል። ስለዚህ ጥበቃውን በንቃት ላይ ከጣልነው መጠበቂያችን ራሱ እንቅልፋም ነው፤ በመኝታው ላይ ከጣልነው ግን መኝታው አያንቀላፋም። ይህን የምለው በማስረጃ ነው፤ ማስረጃው ደግሞ ብዙ ሕይወት ተከፍሎበታል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

አስቀድሞ ስለምን ዓይነት ሞት እንደምንነጋገር እንለይ። ሐኪሞች «ድንገተኛ የጨቅላ ሕፃናት ሞት» የሚሉት አለ። ስያሜው የወጣው በ1969 በተደረገ የተመራማሪዎች ጉባኤ ነው። ዛሬ ባለው አረዳድ፣ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ደኅና ሆኖ ከተኛ በኋላ ሞቶ ሲገኝ፣ አስከሬኑ ተመርምሮ፣ የሞተበት ቦታ ታይቶ፣ የጤናው ታሪክ ተጠይቆ ምክንያቱ ሳይገኝ ሲቀር ስሙ ይህ ይሆናል። አደጋው የሚበረታው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ከ10 ሞቶች 9ኙ ያህል ስድስተኛው ወር ሳይሞላ የሚደርሱ ናቸው። ከዚህ ጎን ምክንያታቸው የሚታወቅ ሞቶችም አሉ፤ በትራስ ወይም በብርድ ልብስ መታፈን፣ በፍራሽና በግድግዳ መካከል መሰንቀር፣ በአዋቂ አካል መጨቆን። እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት መድረሳቸው ነው፤ ሕፃኑ ተኝቶ፣ ጠባቂው ባላየበት ሰዓት።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአውሮፓና በአሜሪካ ሕፃናትን በሆዳቸው፣ በአማርኛችን በልባቸው፣ ማስተኛት እንደ ዘመናዊ እውቀት ተስፋፋ። መነሻው ክፋት አልነበረም። በሆስፒታል ያለጊዜያቸው የተወለዱና መተንፈስ የሚያስቸግራቸው ሕፃናት በልባቸው ሲተኙ የተሻለ ይተነፍሳሉ፤ ሐኪሙ ያንን አየና ለጤነኛው ሕፃን፣ ለቤቱም ይሠራል ብሎ አሰበ። በሆስፒታል ግን ነርስ አለች፣ መሣሪያ አለ፤ በቤት የለም። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ቤንጃሚን ስፖክ በ1946 ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመው የልጅ አስተዳደግ መጽሐፍ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች የገባ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽና ከዚያ በኋላ በወጡት እትሞች ሕፃኑን በልቡ ማስተኛትን መከረ። ሁለት ምክንያት ሰጠ። በጀርባው ከተኛ ሲያስመልሰው ያንቀዋል፤ ጭንቅላቱም ይጠፈጠፋል። ሁለቱም ዛሬ በእኛ ሰፈር የሚሰሙ ስጋቶች ናቸው፤ ቆይቼ እመለስባቸዋለሁ። ለጊዜው አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ምክሩ ለአእምሮ የሚስማማ፣ በታላቅ ሐኪም አንደበት የተነገረ፣ በቅን ልቦና የተሰጠ ነበር። ያልነበረው ነገር ቆጠራ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ የተኙት ስንት ሞቱ፣ በዚያኛው የተኙት ስንት ሞቱ ብሎ የጠየቀ የለም ማለት ይቻላል።

ቆጠራው ቀስ ብሎ መጣ። በሆላንድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወላጆች ልጆቻቸውን በልባቸው እንዲያስተኙ ከተመከሩ በኋላ በእንቅልፍ የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ከፍ አለ። በአውስትራሊያ፣ አደሌድ ከተማ፣ የሕፃናት ሐኪሟ ሱዛን ቢል ልጅ ወደሞተባቸው ቤቶች እየሄደች ከወላጆቹ ጋር ተቀምጣ ሕፃኑ እንዴት እንደተኛና እንዴት እንደተገኘ ትጠይቅ ነበር። ከመቶዎች ቤት የሰበሰበችው መልስ ወደ አንድ አቅጣጫ አመለከተ፤ በልባቸው ተኝተው የተገኙት እጅግ በዙ። በ1985 ደግሞ ከሆንግ ኮንግ አንድ ጥያቄ ተነሣ። በዚያች በተጨናነቀች ከተማ፣ ቤቶች ጠባብ ሆነው ሳለ፣ ይህ ዓይነቱ ሞት ለምን ብርቅ ሆነ? ሕፃናቱ እንደ ጥንቱ በጀርባቸው ተንጋለው ነበር የሚተኙት። በኒውዚላንድ ከ1987 እስከ 1990 በመላ አገሪቱ የተካሄደው ጥናትና በእንግሊዝ ብሪስቶል አካባቢ ፒተር ፍሌሚንግና ባልደረቦቹ ያደረጉት ምርመራ ነገሩን አጸኑት። የአደጋው ዋና ዋና መንገዶች በልብ መተኛት፣ የሲጋራ ጭስና ከመጠን ያለፈ ሙቀት ሆነው ተገኙ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በሕክምና ታሪክ ከሚያስደንቁ ነገሮች አንዱ ነው። ሆላንድ በ1987 ምክሯን ገለበጠች። እንግሊዝ በ1991 ዲሴምበር ዘመቻ ጀመረች፤ ልጇን በዚያው ዓመት በእንቅልፉ ያጣችው የቴሌቪዥን አቅራቢ አን ዳያመንድ ሐዘኗን ለሕዝብ ትምህርት አዋለችው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ1992 ምክሩን ለወጠ፣ በ1994 አገር አቀፍ ዘመቻው ተከተለ። በ1992 በአሜሪካ ከ10 ሕፃናት 7ቱ ያህል በልባቸው ይተኙ ነበር። ያ ልማድ ሲቀየር፣ በ1990 ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱት 130 ያህሉን ይወስድ የነበረው ድንገተኛ ሞት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወደ 40 ገደማ ወረደ። በየአገሩ ሞቱ በጥቂት ዓመታት በግማሽና ከዚያ በላይ ቀነሰ። ለዚህ የተገኘ አዲስ መድኃኒት የለም፤ ክትባት የለም፤ መሣሪያ የለም። እጆች ሕፃናትን ገለበጡ፤ ሌላ የተደረገ ብዙ ነገር የለም። ንቃታቸው የጨመረ እናቶችም አልነበሩም። ሕፃናቱ በተኙበት፣ እናቶቹም በተኙበት ሰዓት ሞት የቀነሰው ምሽት ላይ የተደረገው ነገር ስለተለወጠ ነው።

የሚያሳዝነው ግን መዘግየቱ ነው። በ2005 የቀደሙት ጥናቶች ሁሉ በአንድነት ሲመረመሩ አንድ ከባድ ሐቅ ወጣ። በልብ መተኛት አደገኛ መሆኑን ለመናገር የሚበቃ ማስረጃ በ1970 ገደማ በእጅ ነበር። ያኔ ተሰብስቦ ቢታይ ኖሮ በአውሮፓ፣ በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ቢያንስ 50,000 ሕፃናት ከሞት ሊተርፉ ይችሉ እንደነበር ተመራማሪዎቹ ገመቱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ስለዚህ «በልቡ ይሻላል» የሚል ምክር ዛሬ ስንሰማ፣ ይህ ምክር አስቀድሞ በትልልቅ አገሮች ተሞክሮ ዋጋው የታወቀ መሆኑን እናስታውስ።

ለምን እንዲህ ይሆናል? በ1994 ፊሊያኖና ኪኒ የተባሉ ተመራማሪዎች ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ አደጋው ይደርሳል አሉ። አንደኛው በሕፃኑ ውስጥ ያለ ድካም ነው፤ ለምሳሌ መተንፈስንና መንቃትን የሚቆጣጠረው የግንደ አንጎል ክፍል እንደሚገባው አለመሥራት። ሁለተኛው ዕድሜው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የልብ ምት፣ የትንፋሽና የእንቅልፍ ሥርዓት የሚደራጅበት ጊዜ ነው። ሦስተኛው ከውጭ የሚመጣ ጫና ነው፤ በልብ መተኛት፣ ለስላሳ መኝታ፣ ሙቀት፣ ጭስ። በልቡ ተኝቶ ፊቱ በለስላሳ ጨርቅ የተቀበረ ሕፃን ያስወጣውን የተቃጠለ አየር መልሶ ይስባል። ጤነኛ አንጎል አየሩ መበከሉን ሲያውቅ ያነቃዋል፣ ልጁም ፊቱን ያዞራል ወይም ያለቅሳል። ያ ማንቂያ የደከመበት ሕፃን ግን ሳይነቃ ይቀራል። የትኛው ሕፃን ይህ ድካም እንዳለበት አስቀድሞ የሚነግረን ምርመራ በእጃችን የለም፤ ዕድሜውንም ማስዘለል አንችልም። ከሦስቱ በእጃችን ያለው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ እርሱም መኝታው ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያው «በጀርባው ከተኛ ወተቱ ያንቀዋል» የሚለው ነው። ስጋቱ ከፍቅር ይወጣልና በንቀት አላልፈውም። ነገር ግን የአካላችን አሠራር ሌላ ይናገራል። የአየር ቧንቧ ያለው ከምግብ ቧንቧ ፊት ለፊት፣ በደረት በኩል ነው። ሕፃኑ ሲንጋለል የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ይሆናል። የተመለሰው ወተት ወደ አየር ቧንቧው ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት። በልቡ ሲተኛ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ወተቱ የሚያቆረው በአየር ቧንቧው አፍ ላይ ነው። ጤነኛ ሕፃን በዚያ ላይ የመዋጥና የማሳል ተፈጥሯዊ መከላከያ አለው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት ከልባቸው ወደ ጀርባቸው ሲገለበጡ በመታነቅ የሚሞቱት ቁጥር አልጨመረም፤ ይህ ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል። በጎን ማስተኛትም መካከለኛ መፍትሔ አይደለም፤ በጎኑ የተኛ ሕፃን በቀላሉ ወደ ልቡ ይገለበጣልና። ራሱ ከጀርባ ወደ ልብ፣ ከልብ ወደ ጀርባ መገልበጥ ከጀመረ ግን በጀርባው አስተኝቶ፣ ሲገለበጥ በመረጠው መተው ይቻላል፤ እስከ አንድ ዓመቱ ግን አስተኚው እጅ ሁልጊዜ በጀርባው ያስተኛው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የአያቶች ነው። «ስምንት ልጅ እንዲሁ አስተኝተን አሳድገናል፤ አንዱም አልሞተብን።» ይህን የሚሉ እናቶች እውነት ይናገራሉ፤ ምስክርነታቸው ግን ለዚህ ጉዳይ አይበቃም። በአሜሪካ አብዛኞቹ ሕፃናት በልባቸው ይተኙ በነበረበት በ1990፣ በድንገት የሚሞቱት ከ1,000 ሕፃናት ከአንድ ጥቂት ቢበልጡ ነው። ከ1,000ው 998 ወይም 999 ያህሉ በየትኛውም መንገድ ቢተኙ ያድጋሉ። አንዲት እናት ይህን አደጋ በገዛ ልምዷ ለማየት ሺህ ልጅ ማሳደግ ነበረባት። በአንድ ቤት፣ በአንድ ሰፈር እንኳ የማይታይ አደጋ በአገር ሲቆጠር ግን በሺዎች ይሆናል። ያደጉት ይመሰክራሉ፤ ያላደጉት አይመሰክሩም። የአያት ልምድ ለብዙ ነገር ብርሃን ነው፤ ሕፃን እንዴት እንደሚታቀፍ፣ እንዴት እንደሚታሽ፣ አራስ እንዴት እንደምትታረስ። ከሺህ አንድን የሚመርጥ አደጋ ግን የሚታየው በቆጠራ ብቻ ነው። ምክሩን መለወጥ አያትን መናቅ አይደለም፤ እርሷ ልታየው ያልቻለችውን ለእርሷ ማሳየት ነው።

ሦስተኛው «በልቡ ሲተኛ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ይረዝምለታል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ለመንቃት የሚያስቸግር ጥልቅ እንቅልፍ ለደከመችው እናት እረፍት ይመስላል፤ ለሕፃኑ ግን መከላከያውን መቀማት ነው። በሌሊት ብንን ማለቱ ጠባቂው ነው። ጭንቅላቱ ይጠፈጠፋል የሚለው ስጋትም መሠረት አለው፤ ምክሩ ከተለወጠ በኋላ በአሜሪካ ጭንቅላታቸው በአንድ በኩል የተጠፈጠፈ ሕፃናት በዝተዋል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ሕፃኑ ነቅቶ ሳለ፣ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እያየው፣ በልቡ ይደረግ፤ አንገቱም ትከሻውም ይጠነክራል። ጭንቅላቱ የሚዞርበት አቅጣጫም ይለዋወጥ። በዚህ ረገድ የእኛ ልማድ ትልቅ በረከት አለው፤ ታዝሎ የሚውል ልጅ ጭንቅላቱ ቀኑን ሙሉ ፍራሽ ላይ አይውልም። ታዝሎ እንቅልፍ ሲወስደው ግን አፍንጫው በጀርባ ወይም በጨርቅ እንዳልታፈነ፣ አገጩም ደረቱ ላይ እንዳልተደፋ ይታይ። ከዓይነ ሰብ ለመጋረድ ነጠላ ፊቱ ላይ መጣልም በቤታችን የተለመደ ነው። ሕፃኑን ከሰው ዓይን መጋረድ የሚፈልግ ቤተሰብ በሩን ይዝጋ፣ መጋረጃውን ያውርድ፤ የሕፃኑ ፊት ግን ይገለጥ።

አራተኛው ብርድ ነው። በደጋ ሌሊት ሕፃን እንዳይበርደው መፍራት ተገቢ ነው፤ በተለይ አዲስ የተወለደና ክብደቱ ያነሰ ልጅ በብርድ በእርግጥ ይጎዳል። ነገር ግን ሙቀት የሚሰጥበት መንገድ ልዩነት አለው። ጋቢና ወፍራም ብርድ ልብስ ላዩ ላይ ሲከመርበት ሕፃኑ ሲንቀሳቀስ ፊቱ ላይ ይወጣል፤ አውጥቶ መጣል ደግሞ አይችልም። ልብስ ግን ከአካሉ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ብርዱን ደራርቦ በማልበስ መከላከል ይሻላል። ብርድ ልብስ የግድ ከሆነ ስስ ይሁን፣ ከደረቱ አይለፍ፣ ጠርዙ ከፍራሹ ሥር ይጠቅጠቅ። አንገቱን ወይም ደረቱን ዳሱት፤ ካላበው በዝቶበታል። እጁና እግሩ ግን ቀዝቀዝ ቢሉ አያሳስታችሁ፤ የሕፃን እጅና እግር ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ትራስ እስከ አንድ ዓመቱ አያስፈልገውም።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ይህ ነው። «ልጅ ከእናቱ ጎን ካልተኛ ከማን ጎን ይተኛል?» እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ሕፃኑን በሌላ ክፍል ብቻውን አስተኙት የሚል ምክር ከእኔ አትሰሙም፤ ማስረጃውም አይደግፈውም። ሕፃን ቢያንስ እስከ ስድስት ወር ወላጆቹ በሚተኙበት ክፍል መተኛቱ አደጋውን ይቀንሳል። ጡት ማጥባትም ይጠብቃል፤ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ የጠቡ ሕፃናት ላይ ድንገተኛ ሞት በግማሽ ያህል ቀንሶ ታይቷል። ስለዚህ የእናት ቅርበት ትክክል ነው፤ የሚያከራክረው አንድ ፍራሽ መጋራት ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ሕፃኑ በራሱ መኝታ ላይ ይተኛ ይላሉ። የእንግሊዝ ባለሙያዎች ደግሞ ብዙ ወላጆች አብረው መተኛታቸው ስለማይቀር አደጋው የሚከፋበትን ለይተው ያስተምራሉ። ሁለቱ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ወላጅ ጠጅ፣ አረቄ ወይም ሌላ አልኮል ከጠጣ፣ የሚያስተኛ መድኃኒት ከወሰደ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ፣ ሕፃኑ ያለጊዜው የተወለደ ወይም ከ2.5 ኪሎ በታች ሆኖ የተወለደ ከሆነ፣ አልጋ መጋራቱ እጅግ አደገኛ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሶፋ ነው። በአልጋ ላይ እንዳያሸልባት ፈርታ ሶፋ ላይ ተቀምጣ የምታጠባ እናት፣ ሳታውቀው ወደ ባሰው አደጋ ትገባለች።

ቤቱ አንድ ክፍል፣ አልጋውም አንድ ለሆነ ቤተሰብ «ልዩ አልጋ ግዙ» ማለት ግን ምክር አይሆንም። እዚህ ላይ የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች ትምህርት ይሰጡናል። ከልጆቻቸው ጋር መተኛት የኖረ ባህላቸው ነው፤ የሕፃናት ሞትም በእነርሱ ዘንድ ከሌላው ይበልጥ ነበር። አልጋ አትጋሩ የሚለው መልእክት ብዙም ሰሚ ሲያጣ፣ ከ2006 ጀምሮ ሸማኔዎቻቸውና ሐኪሞቻቸው ተባብረው ከአገራቸው የተክል ቅጠል ዋሃኩራ የሚባል ጠፍጣፋ የሕፃን ቅርጫት ሠሩ። ቅርጫቱ በእናት አልጋ ላይ ይቀመጣል፤ ልጁ በእጇ ርቀት ነው፣ መኝታው ግን የራሱ ነው። ከ2011 የክራይስትቸርች የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላም በርካሽ የላስቲክ ሳጥን የተሠራ ተመሳሳዩ ተሠራጨ። ከ2009 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከልደት ሰሞን በኋላ የሚደርሰው የሕፃናት ሞት በኒውዚላንድ በ29 በመቶ ወረደ፤ ቅናሹም በማኦሪዎች ዘንድ ጎላ። ባህሉን ሳያፈርሱ አደጋውን አወጡለት። መሶብና ሰፌድ የሚሰፉ እጆች ባሉበት አገር፣ ወለሉ ጠፍጣፋና ጠንካራ፣ ጠርዙ ዝቅ ያለ፣ በውስጡ ትራስ የሌለበት የሕፃን ቅርጫት መስፋት ከአቅማችን በላይ አይደለም። እናት ልጇን ከጎኗ ሳታርቅ የራሱ መኝታ ልትሰጠው ትችላለች።

ስድስተኛው ተቃውሞ «ይህ የሀብታም አገር ጉዳይ ነው፤ የእኛን ሕፃናት የሚገድለው ሌላ ነው» የሚል ነው። በኢትዮጵያ በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያውን ወር አይጨርሱም። ከእነዚህ ብዙዎቹን የሚወስደው ያለጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈንና ተላላፊ በሽታ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሞት በ2000 ከ1,000 166 የነበረው በ2019 ወደ 59 ወርዷል። አንዱ ገዳይ ሲቀንስ ተሸፍኖ የነበረው ሌላው ይታያል። በቤት፣ በሌሊት የሞተ ሕፃን በማግስቱ ሲቀበር መርማሪ አይጠራም፤ ሞቱ «ምች» ወይም «ቡዳ» ወይም «ዕድሜው» ይባላል። ያልተቆጠረ ሞት የሌለ ሞት አይደለም። ደግሞም ሕፃኑን በጀርባው ማስተኛት ከክትባትም ከሆስፒታልም በጀት አይቀንስም።

የእኛን ቤት የተለየ የሚያደርግ አንድ አደጋም አለ፤ ከሰል። ቡና ከተፈላ በኋላ የቀረውን ፍም ክፍሉን እንዲያሞቅ ማስገባት፣ በሩንና መስኮቱንም መዝጋት በብርድ ወራት ይደረጋል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀይ ሲሆንም ይወጣል። ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ሕፃን ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ቶሎ ይመረዛል። እዚህ ላይ ንቃት ምንም አይረዳም፤ መርዙ መጀመሪያ የሚያስተኛው ጠባቂውን ነው። መፍትሔው ሁሉም ከመተኛቱ በፊት ማንደጃውን ወደ ውጭ ማውጣት ነው።

በውጭ አገር ለምትኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ አደጋው በሌላ መልክ ይመጣል፤ በገበያ። ለስላሳ የአልጋ ዙሪያ መከለያና ከ10 ዲግሪ በላይ ያዘነበለ የሕፃን መኝታ ለዓመታት በአሜሪካ መደብሮች ተሸጡ፤ ሕፃናት ሞቱባቸው፤ በ2022 በሕግ ታገዱ። ያኔ የተገዛው ዕቃ ግን ዛሬም ከቤት ወደ ቤት በስጦታ ሊያልፍ፣ በሻንጣም ወደ አገር ቤት ሊገባ ይችላል። የመኪና ወንበርም ለመኪና የተሠራ ነው፤ ቤት ሲደረስ የተኛውን ልጅ አውጥቶ ጠፍጣፋ መኝታ ላይ ማድረግ ይገባል፤ ተቀምጦ የተኛ ሕፃን አንገቱ ተደፍቶ መተንፈሻው ሊዘጋ ይችላልና። ልጅ መውደድ ብዙ ዕቃ መግዛት ይመስለናል፤ የሕፃን መኝታ ግን ባዶ ሲሆን ነው የሚያምረው።

የመጨረሻውን ተቃውሞ በአክብሮት ልመልስ። «ጠባቂው እግዚአብሔር ነው፤ ዕድሜ ከእርሱ ነው» የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይጣላም። ይህን የሚል ገበሬም ሲመሽ ጥጃውን በረት ያገባል፣ በሩን ይቀረቅራል። አምላኩን አልተጠራጠረም፤ በእጁ የተሰጠውን አደረገ እንጂ። የዚህን ያህል ግን በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ሁሉን ነገር በትክክል ባደረጉ ቤቶችም ሕፃን በእንቅልፉ የሚሞትበት ጊዜ አለ። ምክሩ አደጋውን ይቀንሳል፣ ፈጽሞ አያጠፋውም። ስለዚህ ልጇን ያጣች እናት ፊት «ምን አድርገሽው ነው?» የሚል ቃል አይውጣ። ይህ ጭካኔ ብቻ አይደለም፤ እውቀትንም ይገድላል። ሱዛን ቢል ያንን ሁሉ የተማረችው ወላጆች እውነቱን ስለነገሯት ነው፤ የሚወቀስ ሰው እውነቱን አይናገርም፣ ያልተነገረው ደግሞ የሚቀጥለውን ሕፃን አያድንም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ የሚደረገው ይህ ነው። ሕፃኑ በጀርባው ይንጋለል። የሚተኛበት ጠንካራና ጠፍጣፋ ይሁን። ከአጠገቡ ትራስ፣ ጋቢ፣ አሻንጉሊት ይነሣ። ፊቱ ይገለጥ። በክፍላችን፣ በእጃችን ርቀት፣ በራሱ መኝታ ይሁን። ሲጋራ ከቤቱ ይጥፋ፤ ከሰሉ ይውጣ። ይህንንም አያት፣ ሞግዚት፣ አባት፣ ሕፃኑን ለአንድ ከሰዓት ብቻ የሚይዘው ዘመድ ሁሉ ይወቀው፤ በጀርባው መተኛት የለመደ ልጅ አንድ ቀን በሌላ እጅ በልቡ ሲተኛ አደጋው ይብሳልና። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሰሎሞን ጥበቡን ያሳየው በነጋታው፣ አንዱ ሕፃን ከሞተ በኋላ ነው። ለዚያ ለሞተው የትኛውም ጥበበኛ ፍርድ አልደረሰለትም። ለእርሱ የሚያስፈልገው ጥበብ የምሽት ጥበብ ነበር፤ ዙፋንም ሰይፍም የማይሻ፣ በአንዲት የደከመች እናት እጅ ሊፈጸም የሚችል። ያ ጥበብ ዛሬ በእጃችን ነው። አሰናድተን እንተኛ።